በመምህርና በነርስ ደመወዝ የተሠራ ቤት፦ የአንድ የደብረ ብርሃን ቤተሰብ ጉዳይ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ካርታ ያለው ቤት ዋጋው በሚሊዮን ነው የሚጠራው። የመምህር ደመወዝ ደግሞ በሺህ። ይህ ጽሑፍ በዚህ ደመወዝ ቤት ስለሠሩ ባልና ሚስት ነው። እሱ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። እሷ ነርስ ናት፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሲስተር ነው የሚላት። በቅርብ አውቃቸዋለሁ። ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅደዋል፤ ስማቸውንና ሰፈራቸውን ግን ትቻለሁ።

ጉዳያቸውን የመረጥኩት የተለየ ዕድል ስላልገጠማቸው ነው። ውጭ አገር ሆኖ ዶላር የሚልክ ወንድም የላቸውም። ውርስ አላገኙም። ንግድም የላቸውም። የሄዱበት መንገድ በሰሜን ሸዋ ከተሞች ብዙ ደመወዝተኛ የሚሞክረው ነው። ልዩነታቸው ነገሩን ያስኬዱበት ቅደም ተከተል ላይ ነው። በእኔ እምነት ቤቱን ቤት ያደረገውም ይኸው ቅደም ተከተል ነው።

ከደመወዙ ቢነሳ

መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች ስኬል የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ 11,500 ብር ያገኛል። ግብርና ጡረታው ሳይነሳ፣ ሲሶውን ለቤት ብድር ይከፍላል እንበል። በወር 3,833 ብር ማለት ነው። ወለዱ 16 በመቶ፣ የመክፈያ ጊዜው 20 ዓመት ቢሆን ይህ ክፍያ የሚሸከመው ብድር 275,000 ብር ገደማ ነው። ሁለት ጀማሪዎች ተጋብተው አንድ ላይ ቢበደሩ 550,000 ብር። በዚህ ገንዘብ ደብረ ብርሃን ላይ የሚሸጥ ቤት የለም። ባንኩም ቢሆን መያዣና የራስ መዋጮ ይጠይቃል። ለቤት ብድር ተብሎ የተቋቋመው ጎህ ባንክ እንኳ ሥራ የጀመረው በ2014 ነው። የእኛ ሰዎች ቤት ማሰብ የጀመሩት ከዚያ በፊት ነበር።

ገበያውም እነሱን አልጠበቀም። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ተከፈተ። ፋብሪካዎች መጡ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ተመረቀ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ ያለው ዋጋ ያልቻለው ሰው ዓይኑን ወደዚህ አዞረ። በኋላ ደግሞ ከወለጋና ከሌሎች አካባቢዎች ተፈናቅሎ የመጣ ብዙ ሕዝብ ከተማዋ ተቀበለች። ከመጠለያ ወጥቶ ቤት መከራየት የቻለው ተከራየ። ፈላጊው በዛ፤ ቤቱ ግን በዚያው ፍጥነት አልተሠራም።

በ2008 ሲጋቡ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራዩ። ከደመወዛቸው ከሩብ በላይ ለኪራይ ይወጣ ነበር። አከራይዋ ደግ እናት ነበሩ፤ ልጅ ሲወለድ ገንፎ ያገነፉት እሳቸው ናቸው። ነገር ግን የሳቸውም ኑሮ በኪራይ ላይ ነው። ዘይትና ጤፍ ሲጨምር ኪራዩም ይጨምራል። አሁን በ2016 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ያኔ እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም። ውላቸው የቃል ነበር።

መሬቱ

መሬት በኢትዮጵያ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ከተማ ውስጥ ሕጋዊ ቦታ የሚገኘው በሊዝ ነው። በ2004 በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ሁለት በር አለ፤ ጨረታና ምደባ። በጨረታ የሚያሸንፈው ብዙ ብር የሰጠ ነው። በምደባ የሚሰጠው ቦታ ግን በሊዝ መነሻ ዋጋ ይታሰባል። ለመኖሪያ ቤት ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ቅድሚያ ክፍያው ከጠቅላላው ከ10 በመቶ ማነስ የለበትም፤ ቀሪው በየዓመቱ ይከፈላል። በጨረታና በምደባ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ለደመወዝተኛ ቤት የማግኘትና ያለማግኘት ልዩነት ነው።

መምህሩ በመጀመሪያ ሌላ መንገድ ቀርቦለት ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባው ከከተማው ዳር ከገበሬ መሬት ሊገዛ ነው፤ አብረን እንግዛ አለው። ርካሽ ነው። ውሉ የሚፈጸመው በሽማግሌ ፊት፣ በተራ ወረቀት ነው። ሌሊት ሌሊት የሚሠራው ጨረቃ ቤት የሚባለው ይሄ ነው። ሲስተር እንቢ አለች። ምክንያቷ አጭር ነበር፤ መብራትና ውኃ የማይገባበት፣ ነገ ዶዘር የሚመጣበት ቤት ውስጥ ልጅ አላሳድግም። ባልደረባው ገዛ። እሱን አልፈርድበትም። ሕጋዊው በር ለዓመታት ሲዘጋ ሰው በአጥር መዝለሉ አይቀርም።

እነሱ የመረጡት የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። በ2010 ሃያ አራት ሆነው ተደራጁ፤ አብዛኞቹ መምህራን፣ ጥቂቶቹ የጤና ባለሙያዎች። ማኅበር ማለት ስብሰባ ነው። የቤት አልባነት ማስረጃ ከየተወለዱበት ወረዳ ማጻፍ አለ። የትዳር ማስረጃ አለ። የመተዳደሪያ ደንብ አለ። ከሁሉም የከበደው ደግሞ ዝግ ሂሳቡ ነው። ቦታ ለመጠየቅ እያንዳንዱ አባል ቤቱን መሥራት እንደሚችል ማሳየት አለበት። ለዚህም የተወሰነ ብር ባንክ አስገብቶ መቆለፍ ይጠበቅበታል። ቦታው እስኪሰጥ ድረስ አይነካም።

ቦታው የተሰጠው በ2013 ነው። ሦስት ዓመት። በዚያ መሀል አራት አባላት ተስፋ ቆርጠው ብራቸውን አወጡ። አንዱ የእናቱ ሕክምና ነው ያስወጣው። የማኅበሩ ሰብሳቢ ጡረታ የቀረባቸው አንጋፋ መምህር ነበሩ፤ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። የወጣውን ሰው ቦታ በሌላ ባለ ሙሉ ማስረጃ ተኩ። ቢሮ እየተመላለሱ ፋይሉ ከየትኛው ጠረጴዛ ላይ እንዳለ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ያለ እንዲህ ያለ ሰው ማኅበር ይበተናል። ይህን ከዚህ ማኅበር ብቻ አይደለም ያየሁት።

ዕጣ ወጣ። የእነሱ ቦታ 200 ካሬ አይሞላም። ደስ አላቸው፤ ከዚያ ሄደው አፈሩን አዩት።

ብሩን ድንጋይ ማድረግ

ወደ አፈሩ ከመሄዴ በፊት የጉዳዩ እምብርት የሆነውን ልናገር።

በዚያ ሦስት ዓመት ውስጥ ዝግ ሂሳቡ ላይ ያለው ብር እየሟሸሸ ነበር። የቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ ከ2010 ጀምሮ 7 በመቶ ነበር። የዋጋ ንረቱ ግን ያኔም ከዚያ በላይ ነበር፤ በ2014 እና በ2015 ጭራሽ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ሄዷል። በእነዚያ ሁለት ዓመታት 100,000 ብር ባንክ ያስቀመጠ ሰው ከዓመት በኋላ 107,000 ያገኝ ነበር። ከዓመት በፊት በ100,000 ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን 130,000 ገብቶ ነበር። በዚህ አገር በጥሬ ብር ለቤት መቆጠብ ወደኋላ መራመድ ነው።

መምህሩ የመንዝ ልጅ ነው። አባቱ ቤታቸውን የሠሩት በገንዘብ አይደለም። ድንጋዩን ዓመት ሙሉ እየሰበሰቡ ደጃፍ ላይ ከመሩ። የጣራውን ሣር መንዝ ውስጥ ካለው የጓሳ ሜዳ አመጡ፤ ያኔ የጓሳ ሣር የሚታጨደው ማኅበረሰቡ በቀሮ ሥርዓት ዘግቶ ሲጠብቀው ቆይቶ በፈቀደበት ጊዜ ነበር። ሁሉም ዕቃ ሲሟላ ደቦ ጠሩ። እሱ ይህን አልረሳም። ከተማ ላይ ያደረገውም ይህንኑ ነው።

ቦታው በእጃቸው እንደገባ ከደመወዝ የተረፈችው ብር በወሩ መጨረሻ ወደ ዕቃ ትለወጣለች። በመጀመሪያ ድንጋይ፤ አንድ ቢያጆ፣ ሌላ ወር ደግሞ ሌላ ቢያጆ። ድንጋይ አይበሰብስም፤ ሌባም በቀላሉ አይሸከመውም። ቀጥሎ ቆርቆሮ። ቆርቆሮውን ገና መሠረት ሳይወጣ ነው የገዛው። ሰው ሳቀበት። ነገር ግን ዋጋው ቶሎ ቶሎ የሚዘለው የቆርቆሮና የፌሮ ነው፤ ሁለቱም ከውጭ ምንዛሪ ጋር የታሰሩ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲመራ ሲደረግ በቆርቆሮው የሳቀ ሰው አልነበረም። ያኔ የዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ።

ፌሮ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የደብረ ብርሃን ክረምት ርጥበቱ ከባድ ነው፤ ያልተሸፈነ ፌሮ ይዝጋል። ሲሚንቶ ደግሞ ጭራሽ አይከማችም። ሁለት ሦስት ወር ከቆየ እየጠጠረ ይሄዳል። ስለዚህ ሲሚንቶ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፣ ግንበኛው ከተቀጠረ በኋላ ነው የተገዛው። ያኔ ሲሚንቶ የሚገኘው በወረፋና በደላላ ነበር። አሁን በዞኑ ውስጥ፣ እንሳሮ ወረዳ፣ በመስከረም 2017 የተመረቀው የለሚ ብሔራዊ ሲሚንቶ ፋብሪካ አለ። ለእነሱ ሥራ ግን አልደረሰም። ባሕር ዛፉ ቀላሉ ነው። የከተማው ዙሪያ ሁሉ ባሕር ዛፍ ነው። ብቻ በበጋ ተቆርጦ መድረቅ አለበት፤ እርጥቡን ያቆመ ሰው ወራጁ ሲጣመም ያያል።

ትልቁን ብር ያመጣው እቁብ ነው። 20 ሰው ያለው፣ በወር 2,000 ብር የሚጣልበት የመምህራን እቁብ። ሲደርስ 40,000 ብር። እቁብ ላይ ሰው የማያሰላው ነገር አለ። ዋጋ በዓመት 30 በመቶ እየጨመረ ባለበት፣ መጀመሪያ የደረሰው 40,000 እና መጨረሻ የሚደርሰው 40,000 እኩል አይደሉም። የኋለኛው የሚገዛው የፊተኛው በ26,000 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ነው። መምህሩ ይህን ስለገባው ዕጣው ቀድሞ ከደረሰው ሰው ጋር ተለዋወጠ። ለውለታው ጥቂት ብር ጨመረለት። ዳኛውም ጸሐፊውም ፈቀዱ። በእኔ ግምት በአሥር ዓመቱ ውስጥ ካደረጓቸው የገንዘብ ውሳኔዎች ሁሉ ይሄኛው የተሻለ ነበር። ቀሪውን ከመምህራን የቁጠባና ብድር ማኅበር ወሰደ። ብድሩ ከደመወዙ በየወሩ ይቆረጥ ነበር። ከዋጋ ንረቱ ጋር ሲታይ ወለዱ ቀላል ነበር።

መረሬው

አሁን ወደ አፈሩ። ቦታው ጥቁር መረሬ ነው። መረሬ ለጤፍና ለስንዴ ጌታ ነው፤ የሰሜን ሸዋውን ጅሩን ያስጠራው ይኸው አፈር ነው። ለቤት ግን ጠላት ነው። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። መሠረቱ ጥልቅ ካልሆነ ግድግዳው በሁለት ዓመት ውስጥ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ጠንካራው መሬት እስኪገኝ መቆፈር፣ መረሬውን አውጥቶ ገረጋንቲ መሙላት የግድ ነው። ከአጎራባች ቦታዎች አንዳንዶቹ ይህን ወጪ ዘለሉት። የእነሱን ግድግዳ አሁን ሄዶ ማየት ይቻላል።

እዚህ ላይ ደሞ ጅሩ ረዳ። ሲስተር የጅሩ ልጅ ናት። አባቷ ከብት ያደልባሉ፤ የጅሩ ሰንጋ በበዓል ገበያ ስሙ የታወቀ ነው። ለ2014 ፋሲካ ሁለት ሰንጋ ሸጡ። የአንዱን ዋጋ ለልጃቸው ሰጡ። ብድር ነው አላሉም፤ ስጦታ ነው አላሉም። ልጆቼ የሰው ቤት አይደጉ ብቻ ነው ያሉት። ብሩ ገረጋንቲ ሆነ። ወንድሞቿና የአጎቷ ልጆች ደግሞ አካፋና ዶማ ይዘው መጡ። ለቁፋሮው የወጣው የጠላው፣ የዳቦውና የመኪና መሳፈሪያው ብቻ ነው። የቀን ሠራተኛ ቢቀጠር ከዚያ ብዙ እጥፍ ይወጣ ነበር።

መምህር ቤት ሲሠራ አንድ ችግር አለበት። ዕረፍቱ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ያኔ ዝናብ ስለሆነ ግንባታ የለም። ግንባታ የሚሆነው ከጥቅምት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ይመጣል፤ ማታ የፈሰሰ ሲሚንቶ ሳይጠነክር በውርጭ ከተመታ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሥራው በማለዳ ተጀምሮ ከሰዓት በኋላ በጊዜ መቆም አለበት። ግንበኛው ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ሲስተር ሆነች። የሌሊት ተረኛ ሆና ለመሥራት ጠየቀች። ማታ ሆስፒታል ታድራለች፤ ጠዋት ከሥራ ወጥታ ግንባታው ላይ ትቆማለች፤ ከሰዓት ትተኛለች። አንድ በጋ ሙሉ እንዲህ ሆነች። ከስታ ነበር። ሰው ስለ ቤት ሲያወራ ስለ ብር ብቻ ያወራል። እኔ ግን ይህን ቤት ሳይ የማስበው ስለዚያ እንቅልፍ ነው።

ሰርቪሱ

የብዙ ሰው ቤት ተጀምሮ የሚቆመው ዋናውን ቤት ስለሚያስቀድም ነው። ሰፊ ሳሎን፣ ሦስት መኝታ፣ ባለ አራት ማዕዘን በረንዳ ያለው ፕላን ይነሳል። መሠረቱ ይወጣል፤ ብሩ ያልቃል። ግድግዳው ለዓመታት ዝናብ ሲመታው ይኖራል። ባለቤቱም ኪራይ መክፈሉን ይቀጥላል።

እነሱ ከጀርባ ያለውን ሰርቪስ አስቀደሙ። ሦስት ክፍል፣ አንድ ማብሰያ፣ ሽንት ቤት። ግድግዳው እስከ ወገብ ድንጋይ፣ ከላይ ብሎኬት ነው። ኮርኒስ አልነበረውም፤ ወለሉም ሊሾ ብቻ ነበር። ብርዱ ከባድ ነው፤ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። መጀመሪያ የገቡ ሰሞን በማዳበሪያ ከረጢት ጣራውን ከውስጥ ሸፈኑት። ቢሆንም በ2015 ፋሲካ ሳይደርስ ገቡ። ከዚያ ወር ጀምሮ ኪራይ የሚባል ወጪ ቀረ።

ከሦስቱ ክፍል አንዱን ደግሞ አከራዩ። ፋብሪካ የምትሠራ ወጣት ገባች። ከከፋዮቹ ወገን ወደ ተቀባዮቹ ወገን ተሻገሩ ማለት ነው። የኪራዩ ብር ዓመታዊውን የሊዝ ክፍያ ይሸፍናል። ሲስተር ኪራይ ስትጨምር በጣም ታስባለች፤ ተከራይ ሆና የኖረችበትን ስሜት አልረሳችም። ግቢው ጠቧል፤ ሁለት ልጅ አለ፤ ተከራይ አለ። ይህንን ጠበብ ያለ ኑሮ የማይችል ሰው በዚህ መንገድ ባይገባ ይሻለዋል።

ብዙም አልቆየም፤ በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ተነሳ። መንገድ ሲዘጋ ዕቃ የጫነ መኪና አይመጣም። ዋናው ቤት ከመሠረት ቆመ። ሰርቪሱን ባያስቀድሙ ኖሮ ያን ጊዜ በኪራይ ቤት ሆነው፣ ከተማው ውስጥ ኪራይ እየናረ፣ ያልተጠናቀቀ ግድግዳ ይዘው ይቀሩ ነበር። ከማኅበሩ አባላት ከግማሽ በላይ የሆኑት እንዲሁ ነው የሆኑት።

ይህ መንገድ የማን ነው?

የከፈሉትን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። መምህሩ ሁለተኛ ዲግሪ የመማር ዕድል አግኝቶ ተወው። በየክረምቱ አስጠና። ለዓመታት ልብስ የተገዛው ለልጆች ብቻ ነው። ሲስተር ወገቧን ታማለች። ከ2010 እስከ ዛሬ ስምንት ዓመት ነው፤ ዋናው ቤት አሁንም አላለቀም።

ሌላም ነገር አለ። መንገዱ የተከፈተው ቋሚ ደመወዝ ስላላቸው ነው። ማኅበር የሚቀበለው ማስረጃ ያለውን ነው። እቁብ የሚገባው ዋስ ያለው ነው። ብድር ማኅበሩ የሚያበድረው ከደመወዝ የሚቆረጥለትን ነው። ጅሩ ላይ ሰንጋ ያለው አባት ሁሉም የለውም። እነሱ ክፍል የተከራየችው የፋብሪካ ሠራተኛ ከእነዚህ አንዱም የላትም። ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ አባወራም የለውም፤ የቤት አልባነት ማስረጃ ከየትኛው ወረዳ ያመጣል? ስለዚህ አንድ ሰው የእነዚህን ባልና ሚስት ታሪክ ይዞ ሌላውን ሰነፍ ቢለው ስህተት ነው። እነሱም ራሳቸው እንዲህ አይሉም።

መፍትሔው ከተቋማት በኩል እንደሆነ አምናለሁ። ዝግ ሂሳብ ላይ ለዓመታት የተቆለፈ ብር በዋጋ ንረት ሲበላ ዝም መባል የለበትም። ቦታ የሚሰጥበት ጊዜ ተቆርጦ ቢታወቅ ሰው ብሩን መቼ ወደ ዕቃ እንደሚለውጥ ያውቃል። ማኅበራት አንድ ላይ ሆነው ሲሚንቶና ፌሮ ከፋብሪካ ቢገዙ የደላላው ድርሻ ለቤቱ ይተርፋል። የጋሼ ማኅበር ይህን አንዴ በድንጋይ ሞክሮት ነበር፤ ለሃያ አራት ሰው በአንድ ላይ ከአንድ የድንጋይ ካባ ሲታዘዝ ዋጋው ቀነሰ። በፌሮ መድገም ያልተቻለው ሁሉም በአንድ ወር ብር ስለሌለው ነው።

አሁን የዋናው ቤት ግድግዳ ቆሟል። በ2013 የተገዛው ቆርቆሮ ከሰርቪሱ የተረፈው ገና አልተነካም፤ ጣራውን ለመሸፈን ጥቂት ይጎድለዋል። ዕዳቸው ከቁጠባና ብድር ማኅበሩ የቀረው ብቻ ነው። በአዲሱ ስኬል የጨመረው ደመወዝ ሌላ እቁብ ውስጥ ገብቷል። እሱ ሲደርስ ለበርና ለመስኮት ነው የታሰበው፤ ሲስተር ግን ከዚያ በፊት የሰርቪሱ ኮርኒስ ይሠራ እያለች ነው።